ዘጠኝ ረድፍ

እና ሰማይ ላይ መሠረት የለም፣ ምሰሶ የለም፣ ታዲያ አውሮፕላን የሚሉት ያን የሚያህል ብረት ምን ተደግፎ ነው ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ግንበኛው ሽማግሌ ይህን እያሰበ ነው ስድስተኛውን ረድፍ የሚጨርሰው፣ ብሎኬቱን ያስቀምጣል፣ በግንበኛ ማንኪያው እጀታ መታ መታ ያደርገዋል፣ በአንድ ዓይኑ ሲባጎውን ያያል፣ ቀጥ ብሏል።

ዘጠኝ ሰዓት ነው አባዬ፣ ብላዋለች ልጁ፣ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ባሕር ማዶ ወዳለው ባሏ ስትሄድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ፣ እንደደረስኩ እደውላለሁ። ሰዓት ማንበብ አያውቅም። ረድፍ ያውቃል። በሰዓት አንድ ረድፍ፣ አርባ ዓመት አላዛነፈም፣ ምሳ ደረሰ ሲሉት እንኳ ረድፉን ሳይጨርስ አይወርድም። ጠዋት ሚስቱ ስልኳን አይታ፣ አሁን ተነሣች፣ ስትለው የጓሮውን አጥር ጀመረ። ዘጠነኛው ሲያልቅ ልጁ መሬት ትረግጣለች፣ በቃ።

ሰባት። ስልኩ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀምጧል። አብራሪውን እንቅልፍ ቢጥለውስ፣ ሰው አይደል፣ እሱ ራሱ አንዴ መወጣጫው ላይ አሸልቦ ወድቆ የለ፣ ያኔ ከታች አሸዋ ነበር፣ ከእሷ በታች ምን አለ፣ ባሕር ነው አሉ። ዝም በል። ስምንት። ሲሰናበቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አንድ ቃል ስትጠብቅ፣ ከትከሻዋ በላይ የአየር ማረፊያውን ግድግዳ አይቶ፣ ልስኑ ተሰንጥቋል፣ አላት። ይቺን ብቻ። ልጅቷም ሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች፣ አባዬ አንተ መቼም፣ ብላ ገባች። ያ ሳቅ የመጨረሻው ከሆነስ።

ዘጠኝ።

ስልኩ ዝም ብሏል። ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ስልኩን ያነሳል፣ ያራግፈዋል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል፣ ምንም፣ አውሮፕላኑ ወድቋል፣ ወድቋል እኮ፣ ሰው መጥቶ እስኪነግረው ነው እንጂ ወድቋል፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ውሃ ይዛ ብቅ አለች። አጥሩን ከታች እስከ ላይ አየችው።

አንተ ሰውዬ፣ ምን አሯሯጠህ ዛሬ፣ ሌባ መጣ ያለህ አለ እንዴ፣ አለችው።

ዘጠኝ ሞልቷል፣ አላት። ዘጠኝ ሞልቷል፣ አልደወለችም።

የምን ዘጠኝ፣ ከተነሣች ገና ስድስት ሰዓቷ ነው።

እጁን አየ። ሲሚንቶ የለበሰ እጅ። አርባ ዓመት ያላዛነፈ እጅ ፈርቶ ሮጧል፣ ሦስት ሰዓት ቀድሟት ሄዷል፣ እሷ ገና ሰማይ ላይ ናት፣ ምንም ሳትደገፍ። ቢያልቅ አንድ ነገር ነበር፣ አሁን ደግሞ እንደ አዲስ መፍራት አለ።

ይነሣል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የላይኛውን ረድፍ ያፈርሳል፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ እያንዳንዱን ብሎኬት እየፋቀ መሬት ላይ ይደረድራል፣ ሚስቱ አበድክ እንዴ ብላው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

እንደገና ይጀምራል። ቀስ። አንድ ብሎኬት፣ በሰላም ግቢ ልጄ፣ አንድ ብሎኬት፣ ሆድሽን ያዝ አድርጊ፣ አንድ ብሎኬት፣ እወድሻለሁ የሚባለው እንዴት ነው፣ እሱንም፣ እሱንም ያስቀምጣል። ሰባት። ስምንት። ጥላው አጥሩን ይሻገራል።

ዘጠነኛው ላይ አንዲት ብሎኬት ቀረች። አነሣት፣ ደረቱ ላይ ታቀፋት፣ አስቀምጣት እንጂ ወገብህን፣ ትላለች ሚስቱ፣ አያስቀምጣትም፣ ስልኩን እያየ ነው፣ ይቺን ስልኩ ሳይጮህ አያስቀምጣትም፣