ያልታጠበ ቅል

ሰው ሳያስበው ያየው ነገር ወንጀል ይሆንበታል ወይ? እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ይህን ግን ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅም።

የልጅ ልጄ ሃሌሉያ እዚህ ቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንሁ እማዬ ትለኛለች። ሁለታችንም የምናድረው በእሷ ሥራ ነው።

ሰኞ ለምሳ መጥታ ምግቡን ሳትነካ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የቢሯችን ዋና ኮምፒውተር ምስጢር አይቋጥርም።»

«እንደ ጎረቤታችን እንደ ዘነበች?»

ሳቅ አለች። «ከርነል የሚባል አለ፤ የኮምፒውተሩ አዛዥ በይው። ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚሠሩበትን ቦታ፣ ሜሞሪውን፣ የሚቀበሉት ከእሱ ነው። አንዱ የተጠቀመበትን ለሌላው ሲሰጥ አጥፍቶ መስጠት ነበረበት። የእኛው ሳያጠፋ ይሰጣል።»

«የማር ቅል ሳያጥቡ እንደ ማዋስ ነዋ።»

«እሱን ነው። የተዋሰው ሁሉ የሰው ማር ይልሳል።»

በራሷ የመግቢያ ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብታ ስትሞክረው፣ ከወጣው ቁርጥራጭ ጽሑፍ መሐል የኃላፊዋ የአቶ ውባየሁ የይለፍ ቃል ተገኘ። አደጋውን በዓይናቸው ይዩት ብላ አትማ ወሰደችላቸው። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሐሙስ ግምገማ ላይ እናየዋለን» አሏት።

ግምገማን አውቀዋለሁ። ስንቱ ሰው ከዚያ ስብሰባ ሥራ አጥቶ ወጥቷል።

«ምንም አላጠፋሁም» አለችኝ። «ሪፖርት ጽፌአለሁ፣ እንዴት እንደሚስተካከልም አለበት። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ዝም ማለት ከየት ይምጣ? ረቡዕ እሷ ሥራ ስትገባ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ተክለጻድቅ ዘንድ ሄጄ ለመንኋቸው። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው በባጃጅ አቶ ውባየሁ ቤት ሄዱልኝ። መቼም ሽማግሌ ሲገባ ማን አጠፋ ተብሎ አይጀመርም። አስቀድሞ «አጥፍተናል» ይባላል፤ ልብ ሲለሰልስ ነገሩ ይጣራል። ጋሽ ተክለጻድቅም እንደ ወጉ ቆመው «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ለእኛ ሲሉ ይማሯት» አሉ። ሲመለሱ «በአክብሮት ተቀበለን፤ ለስልሷል» አሉኝ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ሃሌሉያ ከቀትር በፊት ተመለሰች። በእጇ ደብዳቤ ይዛለች።

«እማዬ፣ ሽማግሌ ልከሻል?»

«ለሰላም ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ግምገማው ላይ ሪፖርቴን አንድ ሰው አላነበበውም። አቶ ውባየሁ ‹ሽማግሌ ልካ ጥፋቷን አምናለች፣ የምን ከርነል ነው› አሉ። ሂስሽን ዋጪ፣ ጥፋትሽን እመኚ ተባልሁ። የይለፍ ቃል ሰርቃለች ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ።»

ደብዳቤውን አነበብሁት። ከሥራ ታግዳለች፤ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች።

«እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የላክሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም እላለሁ።»

«ጋሽ ተክለጻድቅ ውሸታም ናቸው ልትዪ ነው?»

 እሳቸው የተናገሩት እኔ ልኬአቸው ነው።

«ኮምፒውተሩስ?» አልኋት።

«እንደነበረ ነው። አሁንም ሳያጥብ ያውሳል።»

ሦስት ገጽ ሪፖርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከደብዳቤው ጎን አኖረችው። ልትወጣ ተነሣች፤ ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ጃንጥላ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። በሩን ከፍታ ወጣች።