ሞተሩ ከደረጃው ሥር

«የሞተሩን ጓጉንቸር ቁልፍ ስጪኝ እትዬ፤ ሰው እየተደናቀፈበት ነው» አለ ሙዝደሊፋ በሩ ላይ ቆሞ።

ሳሌሃ ከፍራሹ ጥግ ሳትነሳ ቀና ብላ አየችው። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ንፍሮ ሊዘግን የተዘረጋ አንድ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ማን ተደናቀፈ?»

«እኔ ነኛ! ጉልበቴን ብታዪው!» ሱሪውን ወደ ላይ ሊሰበስብ ጎንበስ አለና የሴቶቹን ብዛት አይቶ ተወው።

«አንተ ከቆሼ ጀምረህ ስትደናቀፍ ነው የመጣኸው። ሞተሩ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው የቆመው፤ ተነስቶ አልመጣብህም። ቁልፉን ደግሞ አላየሁም።»

ቁልፉ ከሻሿ ሥር፣ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታስሮ ደረቷን እየቆረቆራት ነበር።

ሙዝደሊፋ የሟቹ ባሏ የጀማሉ ታናሽ ወንድም ነው። ቆሼ ከተማ በርበሬ ይነግዳል። ልጅ ሳለ ቡታጅራ እነሱ ቤት ተቀምጦ ነው የተማረው። ምሳውን እየቋጠረች የሸኘችው ልጅ ዛሬ ቦርጭ አውጥቶ በር ቢሞላም፣ ሳሌሃ እንደ ትልቅ ሰው ልትፈራው አልሆነላትም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ሁለተኛ አልጠየቀም። ደረጃውን እየረገጠ ወረደ፤ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ድንኳን።

እሱ ከሄደ በኋላ ሹክሹክታው ቀጠለ። ለቅሶ ቤት ሹክ የሚባል ነገር መቼም ከራዲዮ ይልቅ ይሰማል።

«ያ ብረት ነው የበላው እኮ።»

«ሃያ ዓመት በዚያ ኮረኮንች ሲናጥ! ኩላሊት እንዴት ይቻለው?»

«ይውጣላት፤ ባየችው ቁጥር እንዳታለቅስ።»

ጎረቤቷ እትዬ ሃሊማ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ኮረኮንች ኩላሊት የሚያወርድ ቢሆን የዚህ አገር ሰው አንድም ኩላሊት አይኖረውም ነበር» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ሳሌሃ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ሻሿን ወደ አፏ ሳበችው።

ጀማሉ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ከመስቃን ገጠር እስከ ቆሼ ቆላ፣ ቃሪያና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑ ታንቆ እንቢ ሲለው የሚደውለው ለእሱ ነው። የመፍቻ ሳጥኑን ከሞተር ብስክሌቱ ኋላ ያስርና ይወጣል፤ ማታ ጭቃ ለብሶ፣ አንዳንዴም አንድ ጆንያ ጎመን ታቅፎ ይመለሳል። በኪራዩ ቤት ሳሉ ሞተሩ ከግቢው አቮካዶ ሥር ያድር ነበር። ኋላ ኮንዶሚኒየሙ ደረሳቸው። ሳሌሃ የመታጠቢያ ቤቱን በር እየከፈተች እየዘጋች ስትስቅ ዋለች። ጀማሉ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ፣ «እኛስ ወጣን፤ እሱስ?» አለ።

መጀመሪያ ሦስት ሰው አስቸግሮ ሞተሩን ላይ ድረስ አወጣው። ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቆመ፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሊሄድ የማያስብ አማች መሰለ። ያኔ ያባረረችው ራሷ ሳሌሃ ነበረች። «ምንጣፌ ዘይት ጠጣ! ወይ እሱ፣ ወይ እኔ!» ጀማሉ ትንሽ አሰብ ማድረጉን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችውም። ቀጥሎ ሜዳ ላይ አደረ፤ በማግስቱ ካንዴላውና መስታወቱ የሉም። በመጨረሻ ከደረጃው ሥር ያቺን ሾጣጣ ቦታ አገኘ፤ ከመጥረጊያና ከድመት በቀር ማንም የማይፈልጋትን። ሞተሩን በሰንሰለት ከደረጃው የብረት መደገፊያ ጋር አሰረውና እፎይ አለ።

እፎይታውን ያልወደዱለት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሀብቴ ናቸው። የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው፤ እሁድ ጸሎት ቤት ያገለግላሉ፣ የቀረውን ስድስት ቀን ደግሞ ብሎኩን። ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የመብራቱ ቆጣሪ ሁሉ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፣ ቤንዚን እሳት ነው፣ አንድ ሕፃንም በጭስ ማውጫው በማርሚታው እግሩን አቃጥሏል። ጀማሉ ማርሚታውን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ማታ ማታ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋ፤ ለሚንጠባጠበው ዘይት አሸዋ የሞላ ትሪ ከሥሩ አኖረ። ትሪው የሳሌሃ የሠርግ ትሪ ነበር፤ ይህንንም በቅጡ ይቅር አላለችውም። ጋሽ ሀብቴ ግን አልበረዱም። ስብሰባ ሁሉ «ደረጃው የሁላችን ቤት ነው!» ብለው ይከፍቱና ሞተሩ ላይ ደርሰው ይዘጋሉ። ጀማሉም «እሺ ጋሼ፣ ነገ» ይላል። ያ ነገ ስድስት ዓመት ቆየ።

ጀማሉ ታሞ ሲተኛ ኮሚቴው አዘነ። «እስኪድን ድረስ ባለበት ይቆይ» ተብሎ ተወሰነ።

ጋሽ ሀብቴ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ኮፍያቸውን አውልቀው፤ ከልባቸው ነበር፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ከፔርሙስ የተቀዳላቸውን ቡና ጠጥተው ሲነሱ ሳሌሃ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳሌሃ፣ መቼም አሁን ሰዓቱ አይደለም…»

«ካልሆነ ይተዉታ፣ ጋሽ ሀብቴ።»

«አይ፣ ሙዝደሊፋ ለሞተሩ ገዢ አግኝቻለሁ ሲል ጊዜ ነው። እስኪድን ድረስ ነበር የተባባልነው። እንግዲህ…»

«እንግዲህ ምን? ዳነ?»

ጋሽ ሀብቴ ኮፍያቸውን አጠለቁ፤ ዞሮባቸው ነበርና መልሰው አወለቁት። በእጃቸው ይዘውት ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ሳሌሃ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን ሰግዳ እግሯ በልማዱ ወደ በሩ ወሰዳት። እጀታውን ከያዘች በኋላ ነው እትዬ ሃሊማ የነቁት።

«ወዴት ነው? ዒዳ ላይ አይደለሽ?»

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትርቅ፣ ሽቶ ሳትቀባ፣ ሳታጌጥ ትቆያለች። ይህን ሳሌሃ አልረሳችም። እግሯ ነው የረሳው።

ያመመው ጊዜ ጀማሉ ስለ ራሱ አንድ ቀን አልጨነቀውም። «የቆመ ሞተር ይሞታል» ይላል። «በየማለዳው ይነሳ እንጂ።» ማስነሳት ያስተማራት ቀደም ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ኋላ ያለው ሜዳ ላይ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል?» ብትለው፣ «ሰውማ የሚለው ሞተሩ ከደረጃው ሥር ይውጣ ነው፤ ይኸው እያወጣሽላቸው ነው» አላት። እንድትነዳም አደረጋት፤ መጀመሪያ ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ፣ ኋላ አንድ ማለዳ እስከ አስፋልቱ። ከሱ በቀር ያየ የለም።

ሲታመምም እሷ ትወርዳለች፣ እሱ ሦስተኛ ፎቅ በራቸው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተደርጎለት ይቀመጣል፤ እጁ የደረጃው ብረት ላይ። ብረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ የነኩትን ሁሉ ያደርሳል። እሷ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እሱ በእጁ ያዳምጣል። ነዳጅ ካበዛች በብር ቀለበቱ ብረቱን አንዴ ይመታል። ሲበቃ ሁለቴ። ከዚያ ስትወጣ ፊቱ በርቶ ይጠብቃታል። «ዛሬ ጉሮሮው ጠርቷል» ይላታል፤ የሱ ግን በየቀኑ እየተዘጋ ነበር።

ብሎኩ ይህን አያውቅም። «ታሟል የተባለው ሰውዬ በየማለዳው ሞተር ያስነሳል» እያለ ያማ ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው ዱዓ ተደርጎ ድንኳኑ መነቀል ጀመረ። ሳሌሃ ሊሰናበቱ የቆሙትን ሴቶች ለመሸኘት በሩ ላይ ወጥታ እጇን የደረጃው ብረት ላይ አሳረፈች። ብረቱ ተንቀጠቀጠ። ደቃቅ፣ የማያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያሳክክ መንቀጥቀጥ። መጋዝ ነበር።

ሳሌሃ ወረደች።

«ኧረ ዒዳ!» «ያዟት!» ሲሉ ሴቶቹ ከኋላዋ ተከተሏት። ከታች ሙዝደሊፋ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሰንሰለቱን ይገዘግዛል። አጠገቡ አንድ ገዢ የሞተሩን ጎማ በጫማው ጫፍ ይነካካል። ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«መጋዙን አስቀምጥ።»

ሙዝደሊፋ ደነገጠ። «እትዬ! ከቤት ወጣሽ? በሦስተኛ ቀንሽ? ሰው ምን ይላል!»

«አልወጣሁም። ቤቴ ውስጥ ነኝ።»

«ደረጃ ላይ ነሽ እኮ!»

«ጋሽ ሀብቴ» አለች ሳሌሃ፣ ዓይኗን ከሙዝደሊፋ ሳትነቅል፣ «ስብሰባ ሲከፍቱ ደረጃው ምንድን ነው የሚሉት?»

«እ? እኔ?»

«እርስዎ። እንደሚሉት አድርገው ይበሉት።»

ጋሽ ሀብቴ ዙሪያቸውን ቃኙ። ሰው በየፎቁ አንገቱን አስግጓል፤ ቃላቸውን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። «የሁላችን ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ይኸው። እኔም ቤቴ ነኝ፣ እሱም ቤቱ ነው።»

«እውነቷን ነው!» አሉ እትዬ ሃሊማ ከላይ፣ የጠየቃቸው ሳይኖር።

«እትዬ፣ ዘይትና ቤንዚን ስትነካኪ ልትውይ ነው በዒዳሽ?»

«የተከለከልኩት ሽቶ ነው። ቤንዚን ማንም አልከለከለኝም።»

ገዢው ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ገብቶት መለስ አለ። ግን ነጋዴ ነውና ባዶ እጁን ከመሄዱ በፊት ዕቃውን ማጣጣል ነበረበት። «አላህ ይዘንለት፤ ለማንኛውም ወራት የቆመ ሞተር ነው። ሞቷል። ለብረቱ ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ሳሌሃ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ሙዝደሊፋ አፉን ከፈተ። ጓጉንቸሩን ፈታች፣ ሰንሰለቱን ጣለች፣ ሞተሩን በመሪው ይዛ ከቆጣሪዎቹ እስኪርቅ ወደ መግቢያው ሳበችው። የቤንዚኑን ቧንቧ ከፈተች። ቀሚሷን ሰብስባ ፔዳሉን አንዴ ረገጠች፤ ሞተሩ አሳለ። ሁለተኛ ረገጠች፤ ተነሳ።

ድምፁ ደረጃውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ገዢው ወደ መንገዱ አቀና።

«አንቺ ነበርሽ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ ጮክ ብለው። «በየማለዳው? እኛ እኮ እሱ ነው ብለን… ታሞ እንኳ አያርፍም እያልን…»

«እኔ ነበርኩ። እሱ ላይ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።»

ሙዝደሊፋ መጋዙን ይዞ እንደተንበረከከ ነው። ቦርጫሙ ነጋዴ በአንዴ ምሳው የተረሳበት ልጅ መሰለ። «እኔ እኮ ክፋት የለኝም እትዬ። ባየሁት ቁጥር እሱ አሁን መጥቶ የሚያስነሳው ይመስለኛል። አልቻልኩም።»

«እኔም ለዚሁ ነው የማልሸጠው» አለች። ከዚያ ፊቷን መለሰች። «ዒዳዬ ሲያልቅ ነድቼው ቆሼ እመጣለሁ። ያኔ ተነስተህ በር ክፈትልኝ።»

ጋሽ ሀብቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ዒዳሽ እስኪያልቅ ድረስ ይቆይ ብዬ ለኮሚቴው…»

«እስኪ የሚባል ነገር አልፈልግም፣ ጋሽ ሀብቴ። እስኪድን አላችሁ፤ አልዳነም። ይቆማል፣ በቃ። ቀን እነዳዋለሁ፣ ማታ እዚሁ አስገባዋለሁ። ያልጣመው በየስብሰባው ይናገረኝ፤ እኔም ነገ እላለሁ።»

ሰብሳቢው ሞተሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከደረጃው ሥር ወደ ቀረው ትሪ ዞሩ። «አሸዋውን ግን ቀይሪው» አሉ። «ጠቁሯል።»

ሳሌሃ ነዳጅ ሰጠችው። አበዛችው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የቆጣሪዎቹ ሳጥን ተንጫጫ፣ አንድ ሕፃን ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እሷ ቀና ብላ በደረጃዎቹ መሃል ባለው ክፍተት ወደ ሦስተኛው ፎቅ አየች። አንዴ የሚመታ አልነበረም። አሁንም አበዛችው። ሌሎቹም ምን እንደምትጠብቅ ሳያውቁ ሽቅብ አዩ።

ብረቱ ዝም አለ።

ሳሌሃ ጓጉንቸሩን ከመሬት አነሳች። አንድ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ሁለቴ መታችው። ሞተሩንም አጠፋችው።