አጥንት አዋቂው

ታላቅ ወንድሜ ታናሽ ወንድሜን በመጥረቢያ ጀርባ የመታው በውሻ ምክንያት ነው ብዬ ሳወራ ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ የአጥንቱን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እስካሁን ድረስ አጥንት ሲፈለጥ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ይኮማተራል። ሥጋ ቤት ለሚውል ሰው ይሄ ምን ያህል ስቃይ እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ሦስት ነን። ታላቃችንን ጋሼ እንለዋለን፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ አባትም እሱ፣ አለቃም እሱ፣ ዳኛም እሱ ነው። ትንሹ ማሙሽ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ጺሙን አንዠርግጎ፣ የበሬ ታፋ በትከሻው ተሸክሞ ሲገባም ያው ማሙሽ ነው። እኔ የመሃሏ እህት ነኝ። ሥራዬ ሚዛን ላይ መቆም ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉም መሃል የምቆመው እኔው ነኝ። የገላጋይ ትርፉ ምን እንደሆነ የተሸረፈው ጥርሴ ይናገራል።

ሻምበል የማሙሽ ውሻ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ ከቆሻሻ ገንዳ ሥር አንስቶ፣ በጡጦ ወተት እያጠባ፣ ደረቱ ላይ አስተኝቶ ያሳደገው እሱ ነው። በሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ደንበኛውን በሰልፍ የሚያስገባ ስለሚመስል ሻምበል አልነው። ጥቁር ነው፤ ግዙፍ ነው፤ ሌባ እንኳን ሊደፍረው ጥላውን አይረግጥም። ማሙሽ ሲጠራው ግን ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡም አብሮ ይወዛወዝ ነበር።

ማሙሽ ጸባየ መልካም ነው አልልም። ደሙ ቶሎ ይፈላል። አንድ ቀን ሻምበል ሥጋ የሚከተፍበትን ግንድ ሲልስ አግኝቶት ጎኑን በእርግጫ አለው፤ ውሻው እየጮኸ መንገድ አቋርጦ ሲሮጥ ሠፈሩ ሁሉ አየ። ሥጋ ቤቱን ስንዘጋ ማሙሽ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ያንኑ ውሻ አቅፎ «ይቅር በለኝ፣ በቃ፣ ይቅር በለኝ» እያለ ሲያባብለው ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ደግሞ የሚመሰክረው ያየውን ነው።

ከዚያ ሻምበል ማነከስ ጀመረ። የፊት ቀኝ እግሩን ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ያነክስና ሰውነቱ ሲሟሟቅ ይተወው ነበር፤ እያደር ጨርሶ መሬት ማስነካቱን ተወ። ከመዳፉ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ እብጠት ወጣበት፤ ጠንካራና ትኩስ እብጠት። ስንነካው ጥርሱን ያገጥብናል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ዳበሰው።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ እጅ መናገር አለብኝ። ሠፈሩ የሚጠራው አጥንት አዋቂው እያለ ነው። ከብት መኪና ላይ ሲጫን ነጂዎቹ እግር እግሩን በዱላ ይሉታል፤ የተመታው ሥጋ ደም ቋጥሮ ይጠቁራል፤ የቆየ ምት ደግሞ አጥንቱን ያሳብጠዋል። ጋሼ ታፋውን አንዴ ዳበስ አድርጎ ዱላው ከግራ ይምጣ ከቀኝ፣ የሰሞኑ ይሁን የቆየ ይናገራል። ነጋዴው ቢምል ቢገዘት ሥጋውን መልሶ ያስጭነዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስቶ አያውቅም፤ ተሳስቶ አለማወቅም ክፉ በሽታ ነው።

«ምት ነው» አለ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «በመጥረቢያ ጀርባ ተመትቷል። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነው ያበጠው።»

ማሙሽ ቢላዋ እየሳለ ነበር። «ማነው የመታው?»

«አንተ ንገረና።»

«እኔ አልነካሁትም፣ ጋሼ።»

«ያን ቀን በእርግጫ ያልከውስ? የጎረቤት ውሻ ነው?»

«ያ ሌላ ነው። እግሩን አልነካሁትም አልኩህ እኮ!»

«እጄ ዋሽቶኝ አያውቅም። ምላስህ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ዋሾ ነው።»

ማሙሽ ቢላዋውን ወረወረው። ወለሉ ላይ ነው የወረወረው፤ ግን ጋሼ እግር አጠገብ ነጥሮ አረፈ። ጋሼ በጥፊ አጮለው። ማሙሽ በግንባሩ መለሰለት፤ የጋሼ ከንፈር ተሰንጥቆ ደሙ ነጩ ጋዋኑ ላይ ወረደ። ከዚያ ተናነቁ። የተሰቀለው ሥጋ መሃል ገብተው ሲተራመሱ መንጠቆዎቹ ይንቋቋሉ፤ የማሙሽ ጀርባ ሚዛኑን ገጭቶ ጣለው፤ ጋሼ ጉሮሮውን አንቆ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ደጋግሞ አጋጨው። እኔ «ኡኡ!» እያልኩ የጋሼን ወገብ ብይዝ በክርኑ አፌን ብሎ ዘረረኝ። ደንበኛው በር ላይ ተኮልኩሎ ያያል፤ ገብቶ የሚገላግል ግን ጠፋ። ሻምበል ማንን እንደሚነክስ ግራ ገብቶት በሦስት እግሩ እየዘለለ ይጮኻል።

ማሙሽ እንደምንም ተፈናጥሮ ወጣ። «ውሻውን ሰበብ የምታደርገው እኔን ለማባረር ነው! አይደለም እንዴ?» ብሎ አምባረቀ። ጋሼ ዓይኑ ደም ለብሷል። ግንዱ ላይ የተሰካውን መጥረቢያ ነቀለ። ስለቱን ወደ ራሱ አዞረው፤ ይሄን አይቻለሁ፤ የትም ብጠየቅ እመሰክራለሁ። «ምን እንደሚመስል ቅመሰው!» ብሎ በጀርባው ሰነዘረ። ማሙሽ ጭንቅላቱን ለመከለል ቀኝ እጁን አነሳ።

ቋ አለ። የማሙሽ ክንድ ከክርኑ በታች ሌላ ክርን አወጣ። አልጮኸም። እጁን እያየ «ጋሼ» ብቻ አለ፤ ልጅ ሆኖ ወድቆ ሲላጥ እንደሚለው።

ማሙሽ ክንዱን በጀሶ አስጠቅልሎ ጓደኛው ቤት ገባ፤ ሻምበል እኛው ጋ ቀረ። አጥንቱን ያሰረለት ሐኪም ያ እጅ ዳግመኛ ቢላዋ መጨበጡን እንጃ ብሎታል። ማሙሽ ደግሞ ከቢላዋ ሌላ ሥራ አያውቅም። እከሳለሁ አለ። ጋሼ «ይክሰስ! ያበጠው ይፈንዳ!» እያለ ይፎክራል። ብቻውን ሲሆን ግን ወደ ማሙሽ ባዶ ቦታ ሰረቅ አድርጎ ያያል።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። የእንስሳት ሐኪም ውሻው መመታቱን ይመስክር፤ ያኔ በዳይና ተበዳይ ይለያል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። የወንድሙን ክንድ ሰብሮ ሲያበቃ ልክ ነበርኩ ለማለት ማስረጃ ፍለጋ ወጣ። እኔ አብሬው የሄድኩት ለሻምበል ብዬ ነው። የሚወደውን ሥጋ እንኳ አሽትቶ ይተወው ነበር፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንደ ሕፃን ያቃስታል።

ሐኪሟ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ክንዷ በድመት ጥፍር የተተለተለ ሴት ናት። የሻምበልን አፍ በፋሻ ሸብ አድርጋ እግሩን ራጅ አነሳችው፤ ምስሉንም ስክሪኑ ላይ አሳየችን።

«ስብራት የለውም» አለች። «ምትም አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ይኸው አብጦ!»

«እዚህ ጋ ይዩ። አጥንቱ ነቀዝ የበላው እንጨት ሆኗል። ከውስጥ ተበልቷል፤ ከውጭ ደግሞ ያለ ሥርዓት እየበቀለ ነው። ግዙፍ ውሾችን የሚይዝ የአጥንት ካንሰር ነው። ናሙና ወስጄ ማረጋገጥ እችላለሁ፤ ግን ብዙም አልጠራጠር።»

ጋሼ ሳቀ። «ካንሰር? ውሻ ነው እኮ! ካንሰር የሰው ነው።»

«ውሻንም ድመትንም ይይዛል። ሥራዬ ነው፤ ሁሌ አየዋለሁ።»

«ስሚ፣ እኔ ከአንቺ ዕድሜ በላይ አጥንት ዳብሻለሁ።»

«የሞተ አጥንት» አለች፣ ሳትቆጣ።

ጋሼ ቱግ አለ። ጠረጴዛውን በጡጫ ሲለው መቀሱና መርፌው ተንጣጣ። «መመታቱን ብቻ ተናገሪ! ሌላ አልጠየቅኩሽም!» ሐኪሟ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «እግሩን አይንኩት፤ አጥንቱ በጣም ሳስቷል» ብቻ አለችው። ይሄን ባትል ይሻል ነበር። ጋሼ አትንካ ያሉትን ካልነካ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ነይ፣ እኔ ላሳይሽ። ምቱ ያረፈው እዚህ ጋ ነው» አለና አውራ ጣቱን እብጠቱ ላይ አሳርፎ፣ የበሬ ታፋ እንደሚፈትሸው፣ ጫን አደረገው።

ተሰበረ።

ጉልበት አላወጣም። እምላለሁ፤ ዳቦ ለመቁረስ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ያስፈልጋል። እግሩ ጋሼ እጅ ውስጥ ታጠፈ፤ ሻምበልም ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣ። ፋሻውን በጥሶ የጋሼን እጅ ነከሰ። ጥርሱ በመዳፉ ገብቶ በእጁ ጀርባ ሲወጣ አየሁ። አልለቅ አለ፤ ራሱን ግራ ቀኝ እየናጠ ሥጋውን ይቦጭቃል፤ ደሙ የሐኪሟን መነጽር ረጨው። እኔ መንጋጋውን ለማላቀቅ ስታገል ሐኪሟ ታፋውን በማደንዘዣ መርፌ ወጋችው። ዓይኑ ፈዘዘ፤ መንጋጋውም ቀስ በቀስ ላላ።

ጋሼ አልጮኸም። የተቦጨቀ እጁንም አላየውም፤ የሚያየው የታጠፈውን እግር ነበር። «ምንም አላደረግኩትም» አለ። «እህቴ፣ አይተሻል አይደል? ዝም ብዬ ነው የነካሁት። ምንም አላደረግኩትም።»

«አይቻለሁ» አልኩት። «ማሙሽም እንዲሁ ብሎህ ነበር።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኛ ቤት ካንሰር በበላው ማሙሽ ተመታ። ጋሼ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቁጭ እስኪል ድረስ ተንሸራተተ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ ዓይኔ እያየ ኩምሽሽ አለ። ጠላሁትም፣ አሳዘነኝም።

ሐኪሟ የጋሼን እጅ በፋሻ ጠቅልላ የሻምበልን ደረት ራጅ አነሳች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«ሳንባው ንጹሕ ቢሆን እግሩን ከትከሻው ቆርጠን መድኃኒት እንጀምርለት ነበር» አለች። «ውሻ በሦስት እግሩም ይሮጣል። ግን ወደ ሳንባው ሄዷል። አሁን እግሩን ብቆርጠው ይሄ ሕመም ይቀርለታል፤ የሚኖረው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ወይም ከማደንዘዣው ሳይነቃ እናሳርፈዋለን። ለመሆኑ ውሻው የማን ነው?»

«የማሙሽ ነው» አለ ጋሼ። «እሱ ይወስን። ደውይለት፤ የእኔን ስልክ አያነሳም።»

ማሙሽ በሩን በትከሻው በርግዶ ገባ። ያየው ይሄን ነው፦ ሻምበል ጠረጴዛ ላይ ተዘርሯል፤ እግሩ ተጣሟል፤ ወለሉ ደም በደም ነው፤ አጠገቡ ጋሼ ቆሟል። ምን ያስብ? «እሱንም ሰበርከው?» ብሎ ጀሶውን እንደ ዱላ አንስቶ ጋሼ ላይ ተወረወረ። ጋሼ እጁን አላነሳም፤ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው። እኔ ጀሶው ላይ ተንጠለጠልኩ። ማሙሽ በሕመም ጮኸ፤ ተያይዘን የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ወደቅን፤ ጠርሙሱ ሁሉ ተንኮታኮተ።

«ማንም አልመታውም!» ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «ማንም! አንተም አልመታኸውም፣ እሳቸውም አልሰበሩትም! በሽታው ነው አጥንቱን የጨረሰው!»

ማሙሽ ስብርባሪው ላይ እንደተንበረከከ ቀረ። ሁሉንም እንደገና ነገረችው፤ እግሩንም፣ ሳንባውንም፣ ያለውን ምርጫም። እሱ የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ነበር።

«አንዴ በእርግጫ ብዬው አውቃለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ጎኑን። ከዚያ ነው የመጣበት?»

«አይደለም።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቴን ነው። እርግጫ እንዲህ ያለ ካንሰር አያመጣም። ቀድመህ ብታመጣው ጥሩ ነበር፤ ግን ያመጣህበት አንተ አይደለህም።»

ያኔ አለቀሰ። ክንዱ ሲሰበር ያላለቀሰ ልጅ ጺሙ እስኪርስ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ተነሳ። «ቢነቃ ያመዋል?» አለ። «በጣም» አለችው። «እንግዲያው አይንቃ።»

ግራ እጁን የሻምበል ራስ ላይ አሳርፎ፣ ጆሮው ሥር «አይዞህ፣ የኔ ጌታ፣ እዚሁ ነኝ» ይለው ጀመር። ሐኪሟ የመጨረሻውን መርፌ ወጋችው። ደረቱ አንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለና ቆመ። በማዳመጫዋ አዳምጣ «አበቃ» አለች። ማሙሽ ግን የሰማት አይመስልም፤ አሁንም አይዞህ ይለዋል።

ጋሼ ያን ጊዜ ተንበረከከ። አባታችን ሲቀበር እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመው ጋሼ ጠርሙስ ስብርባሪ ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

«በለኝ» አለ። «ማሙሽ፣ ወንድሜ፣ በአባታችን ሞት ይዤሃለሁ፣ በለኝ። ጥርሴን አራግፈው። ካልመታኸኝ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

ማሙሽ ዞሮ ቁልቁል አየው። ቀኝ እጁ ጀሶው ውስጥ ነው፤ ከጫፉ የወጡት ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ግራ እጁን ከሻምበል ራስ ላይ አላነሳውም።

«በየትኛው እጄ፣ ጋሼ?» አለው።