የይርገዱ ጓዳ

«ዱቄት ከዱቄት፣ ጥራጥሬ ከጥራጥሬ! ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት! ሲሆን ሲሆን ጓዳ እንዲህ ነው የሚያዘው» ትላለች ወይዘሮ ታይቱ። ድምጿ ለቀስተኛው እስከተቀመጠበት ዳስ ይሰማል።

ታይቱ የሰው ጓዳ ተዝረክርኮ ካየች እጇን የሚበላት ጎረቤት ናት። ለቅሶ ቤት ደግሞ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ስለሚቀመጥ የሚከለክላት የለም። ነገ ሣልስት ነው፤ ካህናቱ ይመጣሉ። ሴቶቹ ለንፍሮው ጨው፣ ለወጡ ሽሮ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ያጡታል። ታይቱም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባችበት፤ እሷ ከገባችበት ደግሞ ሳይገለበጥ የሚቀር ዕቃ የለም።

ገላነሽ ከዳሱ ጥግ ሆና ትሰማታለች። ካገባችበት ከአንበሳሜ የመጣችው ትናንት ነው። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር ስላላት፣ እናቷ ይርገዱ በንዳድ ታማ ሞታ ከተቀበረች በኋላ ደረሰች። ሰዉ «አንድዬ ልጇ መጣች!» እያለ በልቅሶ ሲቀበላት ፊቷን ሸፍና ትከሻዋን ነቀነቀች እንጂ እንባ ጠብ አላለላትም። ምን ብላ ታልቅስ? ከእናቷ አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው «ከቤቴ ውጪልኝ» የሚለውን ነው። ለምን እንደተባረረች ሳይገባት አራት ወር ሆናት። አሁን ደግሞ የምትጠይቃት እናት የለችም።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ በ1954 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ገላነሽ ለበዓሉ መጥታ ደጃፉ ላይ ስትቆም፣ እናቷ ቀና ብላ «ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እንጂ! ምነው እማዬ?»

«ፀሐዩ ከኋላሽ ሆኖ እኮ ነው» አለችና የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን እየዳበሰች ብዙ ቆየች። ገላነሽ ናፍቆት ነው ብላ ደስ አላት።

ጓዳውን ስታይ ግን ደነገጠች። ድሮ በሥርዓቷ አገር የሚያውቃት ሴት ጓዳ ነው ወይ ይሄ! የጨው ቅል ከበሩ መቃን ጎን ተንጠልጥሏል። በርበሬው ወዲያ ጥግ ብቻውን ተቀምጧል። ትልቁና ትንሹ ማሰሮ ተቀላቅሎ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ጥላሸት የጠጣ የቃጫ ገመድ ታስሮበታል። ገላነሽ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ነው አስተካክላ የጨረሰችው፤ አንድ ጠዋት አልፈጀባትም። ዕቃውን በቁመቱ ደረደረች፤ ጨውን ርጥበት እንዳያገኘው ከላይ ሰቀለች፤ ልብስ ለሚያጥብ ሰው እንዲቀርብ ደግሞ የተወቀጠውን እንዶድ ከመቃኑ ጎን አደረገች። ያን ቆሻሻ ገመድ በጣጥሳ ከምድጃ ጨመረችው። ወገቧን ይዛ ስታየው ኮራች።

ከሰዓት በኋላ ዶሮው ተጥዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ይርገዱ ወደ ጓዳ ገብታ እፍኟን ሞልታ ወጣችና ወጡ ላይ በተነች። ወጡ አረፋ ደፈቀ። እንዶድ ነበር። መጀመሪያ ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። ይርገዱ ጣቷን አሸተተችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጓዳዬን ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁልሽ እማዬ። ተዝረክርኮ...»

«ገመዱስ?»

«አቃጠልኩት።»

«ከቤቴ ውጪልኝ!» አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ።

ገላነሽ በበዓል ዋዜማ እያለቀሰች አገሯን ለቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያልጠረጠረችው ነገር የለም። እናቴ ጃጀች ወይ? ወይስ ጓዳዬን ለምን ነካሽ ብላ፣ እኔን ለማዋረድ ሆን ብላ ነው እንዶዱን የጨመረችው? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል።

«ይሄ ሁሉ ገመድ ደግሞ ምን ይሠራል?» የሚለው የታይቱ ድምፅ ከሐሳቧ አባነናት። «ቢላ አቀብሉኝ!»

ገላነሽ ብድግ አለች። ለቀስተኛው እያያት፣ ወግ ነው አይደለም ሳትል ወደ ጓዳ ሮጠች። ታይቱ አንድ ማሰሮ ታቅፋ የአንገቱን ገመድ ቆርጣ ጥላዋለች፤ ቢላዋ ሁለተኛው ላይ ነው።

«ተዪው!»

«ምነው እቴ? ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ተዪው አልኩሽ!» አለች ገላነሽ። ለምን ተዪው እንዳለች ራሷም አታውቅም። ግን ገመዶቹ የድሮዎቹ አይደሉም። እሷ ካቃጠለቻቸው በኋላ እናቷ ሁሉንም እንደገና አስራቸዋለች። አንዱን ያዘች፤ ቋጠሮ አለው። ሌላኛው ሁለት አለው። ከዚያኛው ላይ አራት ቆጠረች። ይሄ መድኃኒት ነው? ድግምት ነው? ጭራሽ ግራ ገባት።

በሩ ላይ እመት ንግሥቲ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው የማይለያዩ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ናቸው። የታሰረውን ዕቃ አዩ፤ ገላነሽን አዩ፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን ገመድ አዩና እንባቸው መጣ።

«እመት ንግሥቲ፣ ይሄ ምንድን ነው? የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። እኔ እኮ ላብድ ነው!»

አሮጊቷ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እንዳልነግርሽ በማርያም አስምላኝ ነበር። እንግዲህ እሷ ሄዳለች፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር ልጄ። ሁለት ዓመት አለፈው።»

ታይቱ ቢላዋን አስቀመጠች።

«‹ለጉልበቴ ነው› እያለች ወንዛዬ ፍል ውኃ የተመላለሰችው ለዓይኗ ነው። እምቢ አላት። ገመዱን እኔው ገምጄ አመጣሁላት። አንድ ቋጠሮ ጨው፣ ሁለት በርበሬ፣ ሦስት ሽሮ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን እኔና እሷ አሰርነው። በርበሬውን ያራቀችው ከነካካች ሰውነቷን ስለሚያቃጥላት ነው። በእጇ ነበር የምታይ።»

«ለምን ደበቀችኝ?»

«አባትሽ ሲታመም ልታስታምሚ መጥተሽ ዓመት ተቀመጥሽ፤ የመጀመሪያው ባልሽም ሌላ አገባብሽ። ‹አሁንም ካወቀች ይሄኛውን ትዳሯን ጥላ ትመጣለች› ትል ነበር። ያን ለት አንቺ ስትሄጂ ስታለቅስ አመሸች። ገመዱን እንደገና ለማሰር ሦስት ቀን ፈጀብን። ‹ክረምቱ ይውጣና እልክባታለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ› ስትል ክረምቱ ሳይወጣ...»

አሮጊቷ እንባቸውን ጠረጉ። ገላነሽ የተፋረሰውን ጓዳ አየችው። ያቃጠለችው ገመድ አልነበረም፤ የእናቷን ዓይን ነበር። እናቷ ፊቷን ዳብሳ ስትቆይ ናፍቆት መስሏት ደስ ማለቷ ልቧን ቆረጠው።

ታይቱ የጨውን ቅል ይዛ ቆማ፣ «የት ላድርገው እቴ?» አለች በቀስታ።

«ከመቃኑ ጎን። እጅ በሚደርስበት።»

ገላነሽ መሬት ላይ ተቀመጠችና ታይቱ ገመዱን የቆረጠችበትን የሽሮ ማሰሮ ጭኗ ላይ አደረገች። ከደረቷ የነጠላዋን ዘርፍ ሳበች፤ ክሩን መዘዘችና ገምዳ በማሰሮው አንገት ዙሪያ ጠመጠመችው። ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ቋጠረች። ሁለት ቋጠረች። ሦስተኛው ላይ የክሩ ጫፍ ጠፋባት፤ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ማሰሮው ላይ ይንጠባጠባል። ዓይኗን ግን አልገለጠችም፤ በዳበሳ ፈለገችው፣ አገኘችው፣ ቋጠረችው።