የልብስ ሰፊው ኪስ

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ሲጥፍ ይውላል፤ የገዛ ኮቱ ኪስ ግን ከተቀደደ ከርሟል። ሚስቱ «የሰውን ገመና ሸፋኝ! የራስህንስ?» ስትለው «ነገ» ይላታል። ነገ ሳይመጣ የጉብኝቱ ቀን መጣ።

ጉብኝት እንኳ ለስሙ ነው። ሴት ልጁን ለወንድ ልጃቸው ያጯት ርዕሰ መምህርት፣ «ኮረብታው ላይ ያለውን የጭቃ ጡብ ቤተ መንግሥት አብረን እንየው፤ በዚያው እንተዋወቅ» ብለው ነው። ልጅቷ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች።

«አባዬ በሞቴ፣ እጅህን ሰብስብ! ሴትዮዋ ትንሽ ነገር አያልፉም።»

ላይ ሲደርሱ አስጎብኚው «ግድግዳ መንካት ክልክል ነው» አለ። ሰፊው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ግን ጨርቅ ሳይዳብስ ዋጋ የማይናገር እጅ ምን ይደረግ? ንጉሡ ይተኙበት ነበር በተባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣሪያውን ሲያዩ፣ እሱ ልስኑን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገው። የቡጢ ያህል ጓል መዳፉ ላይ ዱብ አለ።

ግራ ቀኙን አየ። ጓሉን ኪሱ ከተተ። የትኛው ኪስ እንደሆነ እናንተም አውቃችሁታል።

ከዚያ ወዲያ ጆሮው አልሰማም። «በአባቷ እጅ ትዳሯ ፈረሰ» ሲባል ብቻ ይታየዋል። በረንዳው ላይ ሲደርሱ የግቢው ጥበቃ ጎንበስ ብሎ ወለሉን እያየ ተከተላቸው። ከመኝታ ክፍሉ የተነሳ ቀጭን የአፈር መስመር እየተጠማዘዘ መጥቶ የሰፊው ጫማ ሥር ቆሟል።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ያፈሳል።»

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ውሸት ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን አፈሩ ቀድሞ ተናግሯል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ነካሁት፣ ፈረሰ፣ ደበቅሁት።» የቀረችውን ፍርፋሪ አወጣ።

ጥበቃው ተቀብሎ ግቢው ውስጥ ከተቦካው ጭቃ ላይ ጣላት። «ክረምት በወጣ ቁጥር በዚሁ እንለስነዋለን። ሁለተኛ ግን እንዳይነኩ!»

ርዕሰ መምህርቷ ጠጋ አሉ። ኮቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጅቷ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት ብለውኝ ነበር።»

«አዎ፣ ሰፊ ነኝ» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ኪስዎን ሳይ ተጠራጠርኩ። በሉ ያውልቁት።»

ከቦርሳቸው መርፌና ክር አውጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ለቀለበቱ ቀን በዚህ ኪስ እንዳይመጡብን» አሉ እየሰፉ።

ልጅቷ እፎይ አለች። ሰፊውን ግን ጭንቀቱ አልለቀቀውም፤ ስፌቱ ጠማማ ነበር። ምላሱን ነከሰ፤ እጆቹንም ጀርባው ላይ አጥብቆ ያዘ።