አሥራ ሁለት ፈረስ፣ አሥራ ሁለት ቡኒ

ሮይስተን ፔል ዕድሜውን ጣሪያ ሲከድን የኖረ ሰው ነው። ከፍታ አያስፈራውም፤ የሰው ወሬም አያስፈራውም። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው መሰላሉን ለወንድሙ ልጅ ሰጠና ኖቲንግሃም ዳርቻ፣ ቢስተን በሚገኘው ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ሥራው ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሰለፉ፣ አውራ ጣት የማያህሉ ወታደሮችንና ፈረሶችን ቀለም መቀባት ብቻ ሆነ። እጁ አይንቀጠቀጥም። የፈረስ ዓይን ውስጥ የብርሃን ነጥብ ሲጥል ትንፋሹን እንኳ አይዝም።

አንድ ነገር ግን አለበት፤ ዓይኑ ቀይን ከአረንጓዴ አይለይም። ቡኒና የወይራ ቅጠል ለእሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ባቡር ልንዳ ብሎ ሄዶ በዚሁ ምክንያት ከበር መልሰውታል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዶሪን ብቻ ናት። የቀለም ብልቃጦቹን የምትደረድርለት እሷ ነች፤ ለፈረስ የሚሆኑትን ሦስት ቡኒዎች ከፊት አድርጋ፣ ከእነዚህ እንዳይወጣ ነግራዋለች። እሱም አልወጣም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ፈረስ በእነዚያው ሦስት ቀለሞች ቀባ።

ማክሰኞ ማክሰኞ በሚሰበሰቡበት የተጫዋቾች ክበብ ኔቪል ክራምፕተን የሚባል ጡረተኛ ፖስታ አዳይ አለ፤ ምላሱ ምላጭ ነው። አንድ ማክሰኞ የሮይስተንን ፈረሰኞች አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና፣ «እኔ የምልህ፣ የእነዚህ ፈረሶች ሁሉ አባት አንድ ነው እንዴ?» አለው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሮይስተንም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ በግንቦት ኒዋርክ ከተማ በሚደረገው የትንንሽ ወታደሮች ትርኢት ላይ አሥራ ሁለት ፈረስ በአሥራ ሁለት ዓይነት ቡኒ ቀብቶ እንደሚወዳደር እዚያው ተናገረ። ከአፉ ካወጣው በኋላ አልተጸጸተም።

በሳምንቱ የዶሪን እህት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ዶሪንም ልታስታምማት ወደ ስኬግነስ ከተማ ሄደች። ሮይስተን ብቻውን ቀለም መሸጫ ሱቅ ገብቶ፣ ቡኒዎቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ አሥራ ሰባት ብልቃጥ ለቅሞ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ደወለላትና የተጻፈባቸውን ስም ያነብላት ጀመር፤ ያረጀ ኮርቻ፣ የቀበሮ ጅራት፣ የቦይ አፈር።

«ስሙ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። «ሳላየው እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ለኔቪል አሳየው።»

«ለኔቪል ከማሳይ ሁሉንም ነጭ ብቀባቸው ይሻለኛል።»

«እንግዲያው የምታየውን እመን፤ የማታየውን ተወው» አለችና ወሬዋን ወደ እህቷ ዞር አደረገች።

ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። የሚያየውስ ምንድን ነው? ነጭ የግድግዳ ሸክላ አመጣና ከየብልቃጡ አንዳንድ መስመር አሰመረበት። ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። አንዱ ከሌላው ይጠቁራል፣ አንዱ ከሌላው ይፈካል፤ ይህንንስ እንደ ደረጃ አጥርቶ ያየዋል። ሌላውን ሰው የቀለሙ ድምቀት ያታልለዋል፤ እሱን ግን የሚያታልለው የለም። ለምሳ ሲነሣ አሥራ ሰባቱ ከወፍራም ሻይ እስከ ገለባ ተሰልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጣሪያ ሥራ ሆነለት፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት። ለእያንዳንዱ ፈረስ ሦስት ደረጃ መረጠ፤ ጥቁሩን ለሆዱ ሥርና ለአፍንጫው፣ መካከለኛውን ለገላው፣ ፈካ ያለውን ለጀርባው። አንዱ ዳማ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ዳለቻ ወጥቶለት ይሆናል። እሱ እርግጠኛ የሆነው በብርሃኑ ነው፤ ያም በቃው።

ያላወቀው ነገር፣ ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ቡኒ አልነበረም። አንድ ገዢ አንሥቶ ያለ ቦታው የመለሰው የወይራ አረንጓዴ ነው። የተጻፈበትም «የረግረግ ጥላ» ብቻ ነበር።

በትርኢቱ ቀን፣ የኒዋርክ አዳራሽ ገና ሳይሞላ ኔቪል የአይብ ዳቦውን እያኘከ መጣ። ፈረሶቹ ላይ ጎንበስ አለ። ማኘኩን አቆመ።

«ሮይስተን» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሦስቱ ፈረሶች ሆድና አፍንጫ አረንጓዴ ነው።»

«ምን ያህል አረንጓዴ?»

«እንደ ሣር። አልቀለድኩም።»

ኔቪል ምላሱ እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረምና ከቦርሳው ብሩሽና ቡኒ ብልቃጥ አወጣ፤ ዳኛዋ እስኪመጡ አንድ ሰዓት ስላለ እሱ ራሱ ሊሸፍንለት እንደሚችል ነገረው። ሮይስተን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ዓይኑን አጠበበ። ብርሃኑ መውደቅ ባለበት ወድቋል፤ ጥላውም በቦታው ነው። አሥራ ሁለቱም እግራቸውን ተክለው ቆመዋል።

«ተወው» አለ። «አረንጓዴን ዓይኔ አይለይም፤ ስወለድም እንዲሁ ነበርኩ። ያየሁትን ግን በትክክል ቀብቻለሁ።»

«አሥር ዓመት አብረን ስንጫወት አልነገርከኝም?»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ዳኛዋ ቲርዛ ራግ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ የፈጁ ባለ ሽበት ሴት ናቸው። አንዱን ፈረስ አንሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩና ሆዱን ገልብጠው አዩ።

«ከሆዱ ሥር አረንጓዴ አግብተዋል። ማን አስተማረዎት?»

ኔቪል ጫማውን ማየት ጀመረ። ሮይስተን ማንም እንዳላስተማረው፣ አረንጓዴ መሆኑንም ገና አሁን እንደሰማ፣ የመረጠው በጥቁረቱ ልክ ብቻ እንደሆነ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገራቸው። ቲርዛ አልሳቁም። ሣር ላይ የቆመ ፈረስ ሆዱ የሣሩን ቀለም እንደሚቀበል፣ ይህን ለማየት ብዙ ሰው ዓመታት እንደሚፈጅበት፣ አረንጓዴው ከሥሩ በመኖሩም ከላይ ያለው ቡኒ እንደሞቀ ለቆሙት ሁሉ አስረዱ። ቀጥለው ሌሎቹን ሁለቱን አነሡ።

«የሦስቱም አፍንጫ ግን የሻገተ ይመስላል፤ አረንጓዴ ነው። አፍንጫው ጋ ሣር የለም።»

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ ሮይስተን።

«የእርስዎ ነው። አንደኛነቱንም የነሣዎት እሱ ነው።»

ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣችው ከደርቢ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሥራዋን አየና ይገባታል አለ። ለዶሪን ደውሎ ሲነግራት እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ ስለ ዓይኑ በሰው ፊት ተናግሮ እንደሆነ ጠየቀችው። መናገሩን ነገራት።

«ደግ አደረግህ» አለችው። «እኔም መደርደሩ ሰልችቶኝ ነበር።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኔቪል አርባ ቀስተኞቹን በሣጥን ይዞ ገባና ሮይስተን አጠገብ ተቀመጠ። ከሩቅ ሲያያቸው የተላጠ ድንች እንደሚመስሉበት፣ ምን እንደጎደላቸው እንዳላወቀ ሳያፍር ነገረው። ሮይስተን ብርሃን የጎደለበትን እያሳየው፣ ኔቪል ደግሞ ቀዩንና አረንጓዴውን እየለየለት ሥራው ቀጠለ። ሌሎቹም ወንበራቸውን አስጠጉ። ያልተስማሙት በቀስተኞቹ ጫማ ቀለም ብቻ ነው። ኔቪል ወደ ቀይ ያደላ ቡኒ ይሁን ይላል፤ ሮይስተን ቀላም አልቀላም ግድ የለኝም፣ ከቆሙበት መሬት አንድ ደረጃ ይጥቆር ይላል። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ፤ ጫማው ጠቆረ።