ሽማግሌ የሚገባበት ቤት

የወልቂጤው ኢዮብ ሽማግሌ ሊልክብኝ መሆኑ ሲሰማ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሰይፉ ከአገና ቡታጅራ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ነገሩን በራሱ ጨረሰው።

"እኔ ቤት ይምጡ፣ ማስተዋል። አባትሽን አሞታል እንላለን።"

አሞታል። ይህችን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ለአስተማሪ፣ ለጎረቤት፣ አልጋና ቁም ሳጥን አዝዘው ለሚጠብቁ ደንበኞች ስናገራት ኖሬአለሁ። አባቴ ብርሃኔ አለ የተባለ አናጢ ነው፤ በአረቄውም የሚስተካከለው የለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጓደኛ ቤት ጠርቼ አላውቅም። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ዛሬም ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በቃኝ።

"ሽማግሌ የሚገባው አባቴ ቤት ነው" አልኩት አጎቴን። "ኢዮብ ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ።"

"ሽማግሌዎቹስ? የሰካራም ልጅ ብለው ቢመለሱስ?"

"ይመለሱ። ተደብቄ የምገባበት ትዳር ቢቀርብኝ ይሻላል።"

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ኢዮብን እወደዋለሁ፣ ላጣው አልፈልግም።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች እኛው ቤት መጡ። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔም እንደ ደንቡ ጓዳ ነበርኩ። የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የአረቄው ሽታ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ትልቁ ሽማግሌ አየት አድርገውት "ጤና አይደሉም እንዴ?" አሉ። አጎቴ ፈጠን ብሎ "ትንሽ አሞት..." ሲል ወጣሁ።

"አላመመውም፣ ይጠጣል" አልኩ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ይጠጣል። ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ግን የጠጣሁት እኔ እንዳልሆንኩ ገብቶኛል። ይህን አውቃችሁ ጠይቁ።"

አጎቴ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ።

"እውነቷን ነው" አለ። "እሺ የሚለው አባት ነው፣ ደንቡን አውቃለሁ። ግን እኔ አላሳደግኳትም። እሷ ናት እኔን ያሳደገችኝ። መልሱን ከእሷ ውሰዱ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ትልቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው አነሱት፣ ለእኔ።

አባቴን ያን ቀን ይቅር አላልኩትም፣ አልዋሽም። ለሽማግሌዎቹ ግን ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ መለስኩላቸው።

"እሺ ብያለሁ፤ ተቀመጡ።"